ጠቋሚውን እንዳትነካው

ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። በቀኙ የክዳኑን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትቶ እንዳይጠፉ ሲኒ ውስጥ ጣላቸው። ክዳኑን አነሳ። በትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ውስጥ የታመቀ ኤሌክትሪክ ቢኖር ብሎ አፈሰሰው፤ በኤሌክትሪክ መለኪያው ለካ። ዜሮ ሲል ግራ እጁ ከኪስ ወጣ።

ሰፈሩ «አንድእጁ» ይለዋል እንጂ ሁለቱም እጆቹ ደህና ናቸው። ሥራውን ያስተማረው አጎቱ ሁለቱንም እጆቹን አስገብቶ ሲሠራ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ቀረ። ኤሌክትሪክ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በልብ በኩል ነው። አንድእጁ ሲቀልዱበት «የሚያበላኝ ኪሴ ውስጥ ያለው እጅ ነው» ይላል።

የከፈተው ሬዲዮና ማጉያ በአንድ ሣጥን የያዘ አሮጌ ስቴሪዮ ነው። ባለቤቱ ሩቅ ከተማ ተቀጥሮ ሲሠራ ሞተ። አብሮት የሚኖር ባልደረባው ዕቃውን ካርቶን ውስጥ ከቶ፣ ዙሪያውን በሟቹ ሸሚዞች ጠቅጥቆ፣ በጭነት መኪና ለእናትየው ላከው። ሸሚዝ ብረት አይችልም። ከባዱ ትራንስፎርመር ብሎኖቹን ነቅሎ ተጋድሟል። የሣጥኑ የብረት ጠርዝ ሸሚዞቹን ቀዷቸዋል። ጣቢያ ጠቋሚውን የሚጎትተው ክር ተበጥሶ ጠቋሚው ግራ ጥግ ላይ ተወሽቋል።

«ጠቋሚውን እንዳትነካው» አሉ እናትየው ከበርጩማው ላይ። «ልጄ እዚያ ላይ ነው የተወው። መጨረሻ የሰማውን ልስማለት።»

አንድእጁ ቀና አለ። እዚያ ጥግ ላይ ጣቢያ የለም። ካርቶኑ ሲወድቅ ነው ጠቋሚው የተንሸራተተው፤ ልጁ የት ላይ እንደተወው የሚያውቅ የለም። ሊናገር ሲል የሟቹ እህት ክንዱን ይዛ ወደ በሩ ወሰደችው።

«ጋሼ፣ እንዳለችህ አድርግላት።»

«ውሸት ይሆናላ።»

«ምን ትዋሻለህ? ዝም ነው የምትለው። ከቀብሩ ወዲህ እህል የቀመሰችው ይሄ ዕቃ መጣ ሲባል ነው።»

ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። የተጣመመውን ብረት አቀና፤ ትራንስፎርመሩን መልሶ አሰረ፤ የለቀቁትን ሽቦዎች በካውያ በየዳቸው። አዲሱን ክር አዙሮ ከወጠረ በኋላ ጠቋሚውን እዚያው ጥግ ላይ ከክሩ ጋር አያያዘው። ከሶኬቱ ጋር በቀጥታ አላገናኘውም፤ መሃል አምፖል አስገባ። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ ማለት ነው። ቦግ አለና ደበዘዘ። ዕቃው ድኗል።

ከድምጽ ማጉያው የወጣው ሽሽሽ የሚል ድምጽ ብቻ ነው። እህትየው መሬት መሬቱን አየች። እናትየው ጆሯቸውን አስጠግተው ቆዩ።

«ጣቢያው ተዘግቶ ነዋ» አሉ። «ሥራ ውሎ ሲገባ ይደክመዋል። እየሰማ እንቅልፍ ይዞት ሄዶ ሳያጠፋው ቀረ። ድሮም እንዲሁ ነው።»

አንድእጁ ግራ እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ወር ሳይሞላ እህትየው ብቻዋን መጣች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ቤቱ ሌት ተቀን ሽሽሽ ነው። ላጥፋው ስላት ‹ልጄን ልትቀሰቅሺው ነው?› ትለኛለች። ና ንገራት።»

«ዝም በል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

ሄደ። እናትየው በሩን ከፍተው በሹክሹክታ «ቀስ ብለህ ግባ» አሉት። ከስተዋል። የተቀደዱት ሸሚዞች ተሰፍተው፣ ታጥፈው ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጠዋል። አንድእጁ «እማማ፣ ይሄ ጠቋሚ...» ሲል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሳይነግራቸው ተመለሰ። እህትየውም እስከ በሩ አልሸኘችውም።

«ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው» አለኝ አንድእጁ በማግስቱ፣ «የእኔን ዓይነት ዝምታ አላየም።» ታሪኩን ልጽፈው እንደሆነ ስነግረው አልከለከለኝም። አንድ ነገር ብቻ ለአንባቢ አድርስልኝ አለ፤ እንዳለው አድርሻለሁ፦

«የሟች ሬዲዮ የምትልኩ ሰዎች፣ እባካችሁ ልብሱን ለብቻው ላኩት። ትራንስፎርመሩ ያለበት ጎን ወደ ታች ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን፣ ካርቶኑን ሳታሽጉ፣ ጠቋሚው የት እንደቆመ ፎቶ አንሱ። በወረቀትም ጻፉት፤ ፎቶ ይጠፋል።»