የላሊበላ ትኬት አሸተን አያስገባም

ሰውአገኝ ጀርመንኛን የተማረው ከእንግዶቹ አፍ እየለቀመ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ላሊበላን ሲያስጎበኝ ኖሮ፣ በ2004 ዓ.ም. በስሙ ድረ ገጽ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ከጀርመንም ሆነ ከኖርዌይ የሚመጣ እንግዳ ገና ከአውሮፕላን ሳይወርድ ስሙን ያውቃል። ሌላው አስጎብኚ የሆቴል ደጅ ሲጠና፣ እሱ ቤቱ ተቀምጦ ይጠራል። በ2006 ደግሞ በርሊን ለሚካሄድ የቱሪዝም ኤግዚቢሽን ተጋበዘ፤ ቪዛውም ተመታለት። እስከዚያ ድረስ ከአዲስ አበባ ያለፈ አገር አይቶ አያውቅም ነበር።

ልክ በዚህ መሐል ማርቲን የሚባል ሰው መጣ። ጎብኚ ነኝ ይበል እንጂ፣ በኢንተርኔት ቁማር የሚያጫውት ድርጅት ወኪል ነው። በመጣ ዕለት፣ “ገጽህ ላይ ማስታወቂያችንን ለጥፍ፤ በየወሩ እንከፍልሃለን” ብሎ ውል ሰጠው። ሰውአገኝ የሚጣደፍ ሰው አይደለም። ሦስት ቀን እየመላለሰ አነበበው። የውሉ አራተኛ ገጽ ላይ፣ በየትኛውም አገር ሕግ ለሚመጣ ክስና ቅጣት ተጠያቂው የድረ ገጹ ባለቤት ነው ይላል።

በሦስተኛው ቀን ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ያለውን የአሸተን ማርያም ገዳም ሊያሳየው ዳገቱን ይዘው ሲወጡ፣ ስለዚህ አንቀጽ ጠየቀው።

“እሱ ለወጉ ያህል ነው” አለ ማርቲን። “ከአንዲት ደሴት አገር ፈቃድ አለን። ለመላው አውሮፓ ይሠራል።”

ከገዳሙ በር ሲደርሱ አባ ወልደ ሰንበት የመግቢያ ክፍያ ጠየቁ። ማርቲን የላሊበላን ትኬት መዘዘ።

“ይኼ የታቾቹ ነው፤ የእኛ ለብቻው ነው በለው” አሉ አባ።

ማርቲን እያጉረመረመ ከፈለ። ሰውአገኝ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ለስንቱ ፈረንጅ “የአሸተን ትኬት ሌላ፣ የነአኩቶ ለአብ ሌላ” ሲል ኖሯል!

“የደሴቷ ፈቃድም እንዲሁ ነው” አለው። “አንዲት ጠበቃ እንግዳ ነበረችኝ፤ ጠይቄያት መልሱን ጽፋልኛለች። የእናንተ ፈቃድ ጀርመን አያስገባም፤ ኖርዌይም የራሷ ሕግ አላት። አጫዋቹ ብቻ ሳይሆን ያስተዋወቀውም ሊቀጣ ይችላል።”

ማርቲን ሳቀ። “እዚህ ተራራ ድረስ መጥቶ ማን ይከስሃል?”

ይህኔ ሰውአገኝ ደሙ ፈላ። ተራራ ላይ የሚኖር ሰው ስም የሌለው መሰለው?

“እነሱ ለምን ይመጣሉ? እኔው እሄድላቸዋለሁ! በየካቲት በርሊን ላይ በስሜ እቆማለሁ። የአንተን ቁማር ተሸክሜ አልቆምም።”

“እጥፍ እንክፈልህ።”

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አልፈርምም። ነገሩ እንዳልከው ቀላል ከሆነ ግን፣ ተጠያቂው እኔ ነኝ ብለህ አንተ ፈርም። ዛሬውኑ እለጥፍልሃለሁ።”

ውሉንና የራሱን እስክሪብቶ አውጥቶ ዘረጋለት። አባ ወልደ ሰንበት ቋንቋው ባይገባቸውም ቆመው ይመለከታሉ።

ማርቲን እስክሪብቶውን አየው፤ ከዚያ ውሉን ተቀብሎ አጣጠፈና ቦርሳው ውስጥ ከተተው።