ያልተገባ ቃል

እታገኘሁ ቆቡን የደፋችው ብርዱን ብላ ነበር። እመኑኝ፣ መጀመሪያ ላይ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከገጠር ወደ መካነ ሰላም ሲመጡ አክስቷ እማሆይ አሰጋሽ መንገድ ላይ አረፉ። መነኩሲት ናቸውና ቆባቸው አብሯቸው መቀበር ነበረበት። እሷ ግን ነጠላዋ አልቆ ራሷን የምትሸፍንበት አጥታ ነበርና ከራሳቸው ላይ አውልቃ አደረገችው።

መጠለያው ደርሳ ከገንፎው ሰልፍ ጭራ ስትቆም ሰው ዞር ዞር ብሎ አያት። "ኧረ እማሆይ ይለፉ!" አሉ። አይ የወሎ ሰው! በረሃብ አንጀቱ ታጥፎ እንኳ ለቆብ ያፍራል። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ዝም ብላ አለፈች። በማግስቱም አለፈች። ከዚያ ወዲያማ ማን ሊመልሳት!

በላይ የመጠለያው ኩንታል ተሸካሚ ነው። ሰው ፊት "እማሆይ"፣ ለብቻቸው ሲሆኑ "እታጉ" ይላታል። ወለጋ ሰፈራ እንዲሄድ ተመዝግቦ የመኪናው ቀን ሲቃረብ፣ "አብሽሪ፣ ሚስቴ ሆነሽ አብረን እንሂድ" አላት። እሷም ወዳዋለች፣ ምን ይደበቃል! እሱ ግን መነኩሲት አግብቼ እንዳልረገም ብሎ ፈራና የመጠለያውን ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩን መለሰን ጠየቀው። መለሰ ጴንጤ ነው፤ አፉም አያርፍም።

"ጴጥሮስ ራሱ አማት ነበረችው! ማግባትን ማን ከለከለ?" ብሎ እዚያው ሰልፉ ፊት ጮኸ።

ገንፎ የሚያድሉት የካቶሊኳ መነኩሲት ሲስተር ብርሀንነሽ ጭልፋቸውን አስቀመጡ። "ማግባትማ ቅዱስ ነው። ወዳ ቃል የገባች ግን ቃሏ የእግዚአብሔር ነው።"

"እግዚአብሔር መች ጠየቃት፣ ሲስተር?"

"አልጠየቃትም። ሰጠችው እንጂ።"

ከሰልፉ አንዲት ባልቴት፣ "ኧረ በማርያም! የእኛ ቄስ ሚስት አለው፣ መነኩሴያችን የለውም። ምኑ ያጨቃጭቃል? ገንፎው ቀዘቀዘ!" አሉ። ሰው ሳቀ። እታገኘሁ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ሲስተር ወደ እሷ ዞሩ። "እማሆይ፣ እርስዎው ይናገሩ። ቃል ገብተዋል?"

አልገባሁም ብትል በላይ የእሷ ነው። እሱም ከኩንታሉ አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። አፏን ከፈተች። ያኔ ከፊቷ ሸጋዬን አየች። በመጀመሪያው ቀን ልጇን አዝላ ተራዋን የለቀቀችላት ሸጋዬ ናት። ያን ቀን ገንፎው ሸጋዬ ጋ ሳይደርስ አለቀ። አሁን ጀርባዋ ላይ ልጅ የለም።

"ገብቻለሁ" አለች እታገኘሁ።

መለሰ እጁን አወናጭፎ ሄደ፣ ሲስተር አማተቡ። በላይ አንገቱን ደፍቶ ኩንታሉን ተሸከመ፤ ወለጋም ብቻውን ወረደ።

ሸጋዬ ግን ቀረብ ብላ ጉልበቷን ሳመች። "እማሆይ፣ በጸሎትዎ የልጄን ነፍስ ያስቡልኝ። ክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው" አለቻት።

እታገኘሁ ያልገባችውን ቃል ጠብቃ አረጀች። ያን ስም ዛሬም በየጧቱ ትጠራለች፤ ሸጋዬን ግን ቀና ብላ አይታት አታውቅም።