የሚሊሜትር ውታፍ

ሠላሳ አራት ዓመት በቶርኖ ማሽን ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ የገዛ ጣቱን ማመን ካቆመ ምን ይባላል? ሞኝ እንዳይባል ጭንቅላቱ ይሠራል፤ ብልህ እንዳይባል ደግሞ ሥራው ይመሰክርበታል። የፋብሪካ ጓደኞቹ «ሚሊሜትር» የሚል ስም ያወጡለት በከንቱ አልነበረም። አንድ ዘንግ በሁለት ጣቱ ዳብሶ «ይሄ ግማሽ ሚሊ ይወፍራል» ካለ፣ መለኪያ ሊያመጣ የሚሮጥ ሰው የሚያሳፍረው ራሱን ነበር። ያ ሰው ዛሬ አንድ ሳንቲም መዳፉ ላይ ቢያስቀምጡለት እንደ ፍም ይጥለዋል። «መጀመሪያ ይታሸግ» ይላል። ሳንቲም ሳንቲም የሚሆነው በፕላስቲክ ታሽጎ ቁጥር ሲለጠፍበት ነው፤ ከዚያ በፊት ለእሱ ቁራጭ ብረት ነው።

ነገሩ የጀመረው በውርደት ነው። ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ጨርቅ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ ላይ አንድ የድሮ የብር ሳንቲም ገዛ። መነጽሩን ቤት ረስቶ ነበር። ሰውዬው ግን «እርስዎማ በእጅዎ ያውቁታል፣ የሙያ ሰው ነዎት» አለው፤ ሚሊሜትርም ደረቱ ተነፋና በጥፍሩ አንዴ ጠቅ አድርጎ «ብር ነው» ብሎ ፈረደ። ቤት ገብቶ ሲያጥበው ብር የመሰለው ቅብ ተልጦ ከሥሩ ጥቁር እርሳስ ብቅ አለ። ለማንም አልተናገረም። መነጽር መርሳቱንና ሙገሳ መውደዱን ትቶ ጥፋቱን ሁሉ በጣቱ ላይ ደፈደፈው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሏል ይኼ ነው፤ የእሱ ግን የባሰ ነው፣ ከእባቡ ሸሽቶ የገባው እባብ ጠሪው ቤት ነውና።

እባብ ጠሪው የሳንቲም ነጋዴው ነው። ሱቁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጥርስ ሐኪም ቤት ጎን ናት፤ ደረጃውን የሚወጣ ሰው ጥርሱን ሊያስነቅል ይሁን ኪሱን አይታወቅም። ነጋዴው ሳንቲም ሲያሳይ ነጭ የጨርቅ ጓንት ያጠልቃል፣ ገንዘብ ሲቀበል ያወልቀዋል። ለአፍ ዳገት የለውምና፣ ሚሊሜትርን በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለው፦ «ጋሼ፣ እኔን አይመኑ። ዐይንዎንም አይመኑ። መዳቢዎቹን ይመኑ።»

መዳቢዎቹ የሚላቸው ሩቅ ከተማ ያለ አንድ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሳንቲም በአደራ ፖስታ ይላክላቸዋል፤ መርምረው ከሰባ ነጥብ ይሰጡታል፤ በወፍራም ፕላስቲክ አሽገው፣ ቁጥሩን አትመው፣ ከሦስት ወር በኋላ ይመልሱታል። ማሸጊያው ከተሰበረ ነጥቡ ይሰረዛል። ፊታቸውን ያየ የለም። ሚሊሜትር ግን ነጭ ጋውን የለበሱ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ያረጁ ሊቃውንት አድርጎ ሥሏቸዋል። ምሳው ዘግይቶበት ሰዓቱን የሚያይ አንድ ጎረምሳ ሊሆን ይችላል ብሎ አንድም ቀን አልጠረጠረም።

በዚህ መንገድ በስምንት ዓመት ስልሳ እሽግ ሰበሰበ። ከነጋዴው ገዝቶ፣ ነጋዴው ባስመደበለት፣ ነጋዴው በተመነለት ዋጋ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ እዚህ ግን ሞኙ ሞፈሩን ራሱ ቆርጦ፣ ተሸክሞ፣ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ያደርስ ነበር። አንድ አባባልም ፈጠረ፦ «እጅ ይሳሳታል፤ ቁጥር አይሳሳትም»። ነጋዴው አባባሉን በትልልቅ ፊደል አጽፎ ከመደርደሪያው በላይ ሰቀለው። ሚሊሜትር ደንበኞች ሲያነቡት ቆሞ ያይና፣ የማነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይጠብቃል።

ጡረታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ዝም ይለው ነበር። ግን ከወላጆቻቸው የወረሱትን ግቢ ግማሹን ሸጧል። ሌላኛው ወራሽ ታላቅ እህቱ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የደንብ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፣ ባሏ የሞተባት፣ አብራው የምትኖር። «እትዬ፣ ሳንቲሞቹ የሁለታችን መጦሪያ ናቸው» ብሎ አስፈረማት። እሷም ወንድሟ ነውና ፈረመች። ድሮ ግቢው ውስጥ ወንበሯን አውጥታ በፀሐይ ትሰፋ ነበር፤ አሁን ከመስኮቷ ሁለት ክንድ ርቆ የባዕድ ግንብ ቆሟል፣ በቀትርም መብራት አብርታ ነው መርፌዋ ውስጥ ክር የምታስገባው።

አንድ ቅዳሜ ሚሊሜትር እሽጎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በለስላሳ ጨርቅ ሲወለውል አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«አንተ፣ እነዚህን ነገሮች ነክተሃቸው ታውቃለህ?»

«አይነኩም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያለን? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።»

«የመደቧቸው አዋቂዎች ናቸው። ከእነሱ ዐይን የሚያመልጥ የለም።»

ወደ ክፍሏ ሄዳ የእናታቸውን ሳንቲም ይዛ ተመለሰች። የድሮ ብር ነው፤ አንዲት ወፍራም ንግሥት ዘውድ ደፍታ ትታይበታለች። እናታቸው ዘውዱ አናት ላይ ቀዳዳ በስታ፣ ክር አግብታ፣ ለልጇ አንገቷ ላይ አስራላት ነበር። ሚሊሜትር የሃያ ሁለት ዓመት ለማጅ ሳለ፣ ለእህቱ ሠርግ ስጦታ ቀዳዳውን ደፈነው። ከብር ቁራጭ ስንዴ የማታክል ውታፍ በቶርኖ ቀረጸ፤ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ አጠበቀ፤ ዘውዱ ላይ የጠፉትን ሦስት እንቁዎች በመርፌ ጫፍ መልሶ ቀረጻቸው። ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። በሕይወቱ ከዚያ የተሻለ ሥራ አልሠራም፤ ይህን እሱም ያውቃል። ዐይን አያገኘውም። የእህቱ አውራ ጣት ጥፍር ግን አንዲት ጠርዝ ታገኛለች፣ አርባ ዓመት ሙሉ ስታገኛት ኖራለች።

«ይሄን ላክላቸው» አለች። «ያንተን ውታፍ ካገኙት ስለ ስልሳዎቹ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም።»

«በአንድ አፍታ ነው የሚያገኙት።»

«ካላገኙትስ?»

«ያገኙታል አልኩሽ፣ እትዬ።»

ላከው። ሦስቱን ወር በእርጋታ ጠበቀ፤ እንዲያውም «ተጠግኗል» የሚለውን ጽሑፍ ለእህቱ ሲያነብላት በዐይነ ሕሊናው እያየ ፈገግ ይል ነበር። ፖስታው ሲመጣ እፊቷ ከፈተው። ንግሥቲቱ ጥርት ባለ ፕላስቲክ ውስጥ ተኝታለች። ከበላይዋ ተጽፏል፦ ስልሳ አራት። ያልተነካ፣ ጥገና የሌለው።

ሦስቴ አነበበው። መጀመሪያ፣ እግዜር ይይለት፣ ደስ አለው። እነዚያ ሁሉ ሊቃውንት የእሱን ሦስት እንቁዎች ከመጀመሪያው ቀራጭ እንቁዎች አልለዩም ማለት ነው። ከዚያ ዐይኑ ጠረጴዛው ላይ ወዳሉት ስልሳ እሽጎች ዞረ። ይህን ያላየ ዐይን እነዚያን እንዴት አየ?

እህቱ እሽጉን ከእጁ ወስዳ ከስልሳዎቹ ጎን አሰለፈችው።

በማግስቱ ሚሊሜትር ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። ነጋዴው ጓንቱን አጥልቆ እሽጉን ተቀበለው።

«ይሄማ የሚያስቀና ነው፣ ጋሼ። ዛሬውኑ ገዢ አገኝልዎታለሁ።»

«ውታፍ አለው» አለ ሚሊሜትር።

«ምን አለው?»

«ዘውዱ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ለእህቴ ሠርግ የደፈንኩት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ።»

ነጋዴው አጉሊ መነጽሩን አንስቶ አንዴ ዐየና መልሶ አስቀመጠው። «እኔ ምንም አይታየኝም።»

«እንዳይታይ ነዋ የሠራሁት።»

«ወረቀት አለዎት?»

«የምን ወረቀት?»

«መድፈንዎን የሚያስረዳ።» ነጋዴው ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «እርስዎ የሚሉት በአፍዎ ነው፣ ጋሼ። ይሄ ግን በቁጥር ነው።» ቀና ሳይል በጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ግድግዳው አመለከተ። እዚያ የሚሊሜትር የራሱ አባባል በትልልቅ ፊደል ተሰቅሏል።

ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ያስቡት። ይሄኛው ውሸት ነው ካልን፣ የእርስዎ ስልሳዎቹስ ምን ሊባሉ ነው? እኔ የማስበው ለእርስዎ ነው።»

ይህን ሲል ጓንቱን አላወለቀም። ሚሊሜትር የነጋዴውን ፊት ትክ ብሎ ዐየው፣ በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሌባ ነው። ሌብነቱ ተደብቆም አያውቅም፤ መደርደሪያው ላይ ከሳንቲሞቹ ጋር ተደርድሮ ነው የኖረው። አንቅሮ መትፋት ነበረበት። እሽጉን ኪሱ ከቶ «ላስብበት» አለና ወረደ።

ቤት ሲደርስ እህቱ ጓዳ ከሚገኘው የሥራ ጠረጴዛው ፊት ወንበር አስጠግታ ተቀምጣለች። እሽጉን ጠረጴዛው ላይ ባለው የብረት መጨበጫ፣ በሞርሳው፣ አሰረና ጠመዘዘው፤ ፕላስቲኩ ጮኾ ተሰነጠቀ። ሳንቲሙን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። አውራ ጣቷን ዘውዱ ላይ አንሸራተተች።

«አለ» አለች። ፊቷ ፈካ። «አንተ የሠራኸው ነው፤ እኔ እኮ ከነዚህ ሦስት ወራት በቀር ሳልነካው ውዬ አላውቅም።» ሳንቲሙን ከክር በተሠራ ቦርሳ ከትታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። «በል አሁን ካንተዎቹ አንዱን ክፈት።»

«ከተከፈተ ቁጥሩ ይሰረዛል፣ እትዬ።»

«መጦሪያችን ቁጥሩ ነው ሳንቲሙ?»

ከስልሳዎቹ ዋጋው ዝቅ ያለውን መርጦ ሞርሳው ውስጥ አስገባ። ጠመዘዘ። ፕላስቲኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ሩብ ዙር ብቻ ነው የቀረው፤ ከዚያ ጣቱ ትነካዋለች፣ ጣቱም በአንድ አፍታ ትነግረዋለች፤ ብር ከሆነ ብር፣ እርሳስ ከሆነ እርሳስ። ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። የፈራውም ጣቱ ትሳሳታለች ብሎ አይደለም፤ ትክክል ትሆናለች ብሎ ነው። እጀታውን ወደ ኋላ መለሰው። እሽጉን አውጥቶ በጨርቅ ጠረገና ከሌሎቹ ጋር አሰለፈው።

«ግቢ ሸጠህ ፕላስቲክ ገዛህ» አለች እህቱ። ድምፏ ቁጣ አልነበረበትም። ተነስታ ግንቡ ፊት ለፊት ወዳለው መስኮቷ ሄደች፣ መብራቷን አበራች።

ሰው ከዚህ በኋላ ያፍራል ብሎ የሚጠብቅ ሚሊሜትርን አያውቀውም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው፤ እሱም ሁለተኛ ፎቅ ይወስዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ሁለት ሌሎች ደንበኞች ቆመው ሳለ ገባ። አንደኛው በስተርጅና መሰብሰብ የጀመረ መምህር ነው፤ ገና እጁን ኪሱ አልከተተም፣ ይጠራጠራል። ነጋዴው ሚሊሜትርን ሲያይ ፈገግታው ላይ ጥቂት ሥጋት ነበረች።

«ጋሼ፣ የእህትዎ ሳንቲምስ? ያ ውታፍ ያሉት ነገር እንዴት ሆነ?»

መምህሩ ዞሮ ዐየው። ሚሊሜትር ሁለት እጆቹን መደርደሪያው ላይ አኑሮ ነበር፤ ወፍራም፣ ጠባሳ የበዛባቸው፣ ሦስት እንቁ በመርፌ ጫፍ ያበቀሉ እጆች። ቀስ ብሎ ከመደርደሪያው በታች አወረዳቸው።

«ተሳስቼ ነበር» አለ። «ያ ሳንቲም ተነክቶ አያውቅም።»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀና ቦርሳውን አወጣ። ነጋዴው ጓንቱን እያጠለቀ ለሚሊሜትር ስልሳ አንደኛውን እሽግ አቀረበለት። ሚሊሜትር ቁጥሩን አነበበና፣ ሳንቲሙን ሳያይ ኪሱ ከተተው።