ሟቹ ግብር ከፋይ

ሰፈሩ «እትዬ ልኬ» ይላታል። ስሟ አይደለም፤ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እየዋለች የልጅ ልክ በዓይኗ ስለምትወስድ የወጣላት ነው። ልጁን አንዴ ከላይ እስከ ታች ታየውና «ይሄማ ቶሎ ይመዘዛል፤ እጥፋቱን አስረዝሜ ልተውለት» ትላለች። ዓመቱ ሳያልቅ እንዳለችው ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ኖራለች።

ባሏ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ኩላሊቱን ታሞ ሲሞት፣ አንዲት ሚስት ማድረግ ያለባትን ሁሉ ያደረገች መስሏት ነበር። ቀበረችው፤ መፍቻዎቹን ለሥራ ጓደኛው ሸጠች፤ የሱቁን ቁልፍ ለአከራዩ መለሰች። የንግድ ፈቃዱን ግን መስታወት አስገጥማ ሳሎን ሰቀለችው። በዕድሜው ፈገግ ብሎ የተነሳው ፎቶ እዚያ ላይ ያለው ብቻ ነበራ። ሰው ሲሞት ወረቀቱም አብሮ መዘጋት እንዳለበት የነገራት አልነበረም።

ነገሩ የፈነዳው የቤቱን ካርታ በስሟ ልታዞር የሄደች ዕለት ነው። ጣሪያው አርጅቶ ዝናብ በጣለ ቁጥር ባልዲ መደርደር ሰልችቷት፣ በካርታው ከባንክ ልትበደር አስባ ነበር። «መጀመሪያ ከግብር ቢሮ ዕዳ የለበትም የሚል ክሊራንስ ያምጡ» አሏት። ደስ ብሏት ሄደች። የስፌቷን ግብር አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም፤ አራት ቁጥር መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ ሰላም ብላ የምታልፍ ደንበኛ ናት።

ልጅቷ ካርታው በስሙ የሆነውን የባሏን የግብር ቁጥር አስገብታ ስክሪኑን ደግማ አየችው።

«እናቴ፣ ባለቤትዎ ስምንት ዓመት ግብር አልከፈሉም።»

«እንዴት ብሎ ይክፈል? ሞቷል እኮ!»

«ሲስተሙ ላይ አልሞቱም።»

ፈቃዱ ስላልተመለሰ ሱቁ እንደሚሠራ ተቆጥሮ ኖሯል። ሒሳብ የሚያሳውቅ ሲጠፋ ደግሞ ቢሮው በግምት ወሰነ፤ ግምቱም በየዓመቱ ከፍ እያለ ሄደ። መቀጫና ወለድ ሲጨመርበት ከቤቱ ዋጋ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እትዬ ልኬ ልጅቷ ያተመችላትን ወረቀት ይዛ ቆመች።

«በሕይወቱ እንዲህ ቀንቶት አያውቅም» አለች። «ከሞተ በኋላ ነው ሥራው የደራለት።»

ልጅቷ ልትስቅ ብላ ተወችው።

ማታውኑ ጎረቤቷ ዘንድ ሄደች። የትንንሽ ነጋዴዎችን መዝገብ የሚይዝ ሒሳብ አዋቂ ነው። መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው።

«እትዬ፣ ውሳኔው የተለጠፈው በድሮው ሱቅ በር ላይ ነው። ይግባኝ የሚባለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ነበር።»

«ሱቁ እኮ አሁን ፀጉር ቤት ነው!»

«ፀጉር ቤት ይሁን። ከተለጠፈ ደርሶሻል ተብሎ ይቆጠራል።»

«እሺ ቤቱስ? ግማሹ የእኔ አይደለም? ብሎኬቱን አብረን ነው የተሸከምነው።»

«የአንቺማ ነው። ግን ያኔ ፍርድ ቤት ገብተሽ ድርሻሽን ብታስለዪ ነበር። አሁን ቢሮው ለዕዳው ቤቱን አሳግዶታል፤ እግዱ ያረፈው ካርታው ላይ በሙሉ ነው። ላስለይ ብትዪ ደግሞ ክሊራንስ አምጪ ይሉሻል።»

«ክሊራንስ ለማግኘት?»

«መክፈል።»

ያላወቁ አለቁ ማለት ይኼ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው መስኮት ስትመላለስ አንድም ሰው «ባለቤትዎ ደህና ናቸው?» አላለም።

የባሏ ወንድም ሲሰማ እየተጣደፈ መጣ። ለእሷ እንደሚያስብ አልተጠራጠረችም፤ ለቤቱም ግን ያስባል።

«ቤቱን በእኔ ስም እናድርገው። ከዓመት በፊት እንደሸጥሽልኝ አድርገን ውል እንጻፍ። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል እንጂ ለሚስት ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ልቧ አዘነበለ። ያን ሌሊት ጣሪያውን እያየች አነጋች። ጠዋት ሒሳብ አዋቂውን ብትጠይቀው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ውሳኔ ከወጣ በኋላ የሚጻፍ ውል አይጸናም። በዚያ ላይ የኋላ ቀን ከተጻፈበት ወንጀል ነው፤ እስካሁን ያጠፋሽው የለም፣ አሁን ልታጠፊ ነው» አላት። ለባሏ ወንድም አይሆንም አለችው። «እንግዲህ እኔ የለሁበትም» ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኳን አያነሳም።

የቀራት መቀጫው እንዲነሳላት ማመልከት ነበር። የሞት ማስረጃውን፣ የሐኪም ወረቀቱን፣ የሱቁ አከራይ ቁልፉን የተረከበበትን ደብዳቤ ይዛ የግብር ቢሮው የመቀጫ ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ። አልተቆጧት፣ አላጣጣሏትም። ለእሷ ከሁሉ የከበዳት ይኼ ነው፤ ቢያመናጭቋት ኖሮ የምትመልሰው አታጣም ነበር።

«እናምንሻለን እኅቴ» አለች ሰብሳቢዋ። «ሱቁ እንዳልሠራ ይታየናል። ግን ውሳኔውን መሻር ሥልጣናችን አይደለም፤ የይግባኝ ጊዜው አልፏል። እኛ መቀጫውን ብቻ ነው ማንሳት የምንችለው።»

«ካመናችሁኝ ታዲያ የቀረውን የምከፍለው ለምንድነው?»

ሴትዮዋ አቀርቅራ እስክሪብቶዋን አገላበጠች። ከጎኗ ያለው ሰውዬ «ሕጉ ነው» አለ፣ እሱም ደስ ያለው አይመስልም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የለ።

መቀጫው ተነሳ። ዋናውና ወለዱ በስድስት ዓመት እንዲከፈል ተባለ፤ እስኪያልቅ ቤቱ እንደታገደ ይቆያል። አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ባንክም አያበድርበትም። ፈርሚ ባሏት ሦስት ቦታ ፈረመች። በዚያው ዕለት ፈቃዱን ከመስታወቱ አውጥታ መለሰች። አራት ቁጥር ያለችው ልጅ ሰው እስኪያልፍ ጠብቃ ፎቶውን ከፈቃዱ ላይ በጥንቃቄ ቆርጣ ሰጠቻት።

የመጀመሪያውን ወር ክፍያ የፈጸመችው የሦስት ክፍል ተማሪዎች ዩኒፎርም ሰፍታ ነው። ደረሰኙ ከማሽኑ ሲወጣ አነበበችው። ከፋይ ከሚለው አጠገብ የባሏ ስም ተጽፏል።

«የእኔ ልጅ፣ የከፈልኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ እናቴ። ግን ዕዳው በእሳቸው ስም ስለሆነ ሲስተሙ በሌላ ስም አይቀበለኝም።»

«እኔ እንደከፈልኩ የሚል አንድ ቦታ የለም?»

ልጅቷ ስክሪኑን ደጋግማ ፈለገች፤ የምር ፈለገች። ራሷን ነቀነቀች።

ከኋላ ሰልፉ ረዝሟል። እትዬ ልኬ ደረሰኙን ለአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቀቀች።