ሩጫ የተከለከለው ተጫዋች

ባለፈው ሰሞን ጎንደር ውስጥ ከአንድ አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት መኪና ሳቆም፣ አንድ ሕፃን ኳስ ከግድግዳ ጋር ሲያላትም ሰማሁ። ድው… ድው… ድምፁ በባዶው ኮንክሪት ውስጥ ዞሮ ሲመለስ፣ ቁልፉን ሳልነቅል ቁጭ እንዳልሁ የጆንያና የከረመ ሰሊጥ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ከናፍጣ በቀር የሚሸት ነገር አልነበረም። አፍንጫ ግን እንደ ሽማግሌ ነው፤ ያለውን ትቶ የነበረውን ያወራል።

እኔና ወንድሜ ያደግነው ገንዳ ውሃ በምትባል የቆላ ከተማ ነው። ክረምት ሲገባ የሜዳችን ዋልካ ጫማ የሚውጥ፣ ኳስ ቢያርፍበት የማያነጥር ጭቃ ይሆን ስለነበር፣ ኳሳችንን ይዘን ወደ መጋዘን እንገባ ነበር። መጋዘኑ ጎንደር የሚኖር የአንድ ባለሀብት ሲሆን፣ ሰሊጡ ተሸጦ ካለቀ በኋላ እስከሚቀጥለው ምርት ባዶውን ይከርም ነበር። ዘበኛው አያ ሰይድ ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ያስገቡን የነበረው ወለሉን ጠርገን እንድንወጣ አስምለው ነው። «አይጥ እንኳ ስትገባ ታግዘኛለች፤ የወደቀውን ሰሊጥ ትለቅምልኛለች። እናንተ ምን ትጠቅማላችሁ?» ይሉን ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ከሰው አይደማመጥም ነበር። «አቀብለኝ!» ብለህ ብትጮህ አፍህ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሁላችንም ጓደኞቻችንን ትተን ከብሎኬቱ ግድግዳ ጋር መጫወት ለመድን፤ ኳሷን ወደ ግድግዳው መትተህ፣ ተከላካዩን አልፈህ ትሮጥና ወዲያ ማዶ ትቀበላታለህ። ግድግዳ አይሰለችም፣ አያኮርፍም፣ አብዶ ልሥራ ብሎ ኳስ አያስቀርም። ከዚያ ወዲህ በብዙ ማኅበርና ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ እንደሱ ያለ ባልደረባ ግን አላጋጠመኝም።

የቡድናችን አውራ ታላቅ ወንድሜ ጋሻው ነበር፤ ከኳሷ ቀጥሎ በእሱ ላይ የተጫነው ሸክም ደግሞ እኔ ነበርሁ። እንደ ብዙ የቆላ ልጅ ወባ ትወደኝ ነበር፤ በየዓመቱ እየመጣች አንቀጥቅጣኝ፣ በላብ አጥምቃኝ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጨምቃኝ ትሄድ ነበር። አባታችን የትራክተር ሹፌር ስለነበር ክረምቱን በሙሉ እርሻ ላይ ይቆይ ነበር፤ ስለዚህ ሕግ የምታወጣው እማዬ ነበረች።

«ወንድምህን ሳትይዝ ከዚህ ደጅ አትወጣም» ትለው ነበር። «እንዳይሮጥ ግን! ሮጦ የታመመ እንደሆን ኳሷን በቢላዋ ነው የምሰነጥቃት። አንተም ዳግመኛ ኳስ የሚባል አታይ።»

«እማዬ፣ ኳስ እኮ ነው! ሳይሮጡ ምን ኳስ አለ?»

«እኔ ምን አውቄ? አዋቂው አንተ አይደለህ?»

ጋሻውም መላ አገኘ። የመጋዘኑ ትልቅ በር ለብርሃን ሲባል ክፍት ስለሚሆን፣ ግድግዳው እዚያ ጋ ሲቋረጥ ኳሷ እየወጣች ጭቃ ውስጥ ትገባ ነበር። እኔን ወስዶ በሩ ላይ አቆመኝና «ወደ አንተ ስትመጣ ወዲያው መልሳት። ሌላ ምንም እንዳታስብ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰው ልጅ የሕይወት ዓላማ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ግልጽ አድርጎ የነገረኝ ግን የለም። ክረምቱን በሙሉ በሩ ላይ ቆሜ የመጣችውን ስመልስ ከረምሁ፤ ስሜም ተረስቶ «ግድግዳ» ተባልሁ።

መስከረም አልፎ ሰሊጡ ሲታጨድ፣ መንገዱ ከደጋ በወረዱ ሠራተኞች ይሞላ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶም የተጫኑ መኪኖች ከመጋዘኑ ደጅ ይሰለፉና ጆንያው እስከ ጣሪያው ይከመር ነበር። እኛ እንደ አይጥ ተባርረን ወጣን። ሜዳው ደርቆ፣ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቶ ይጠብቀን ስለነበር፣ ቡድኑ አንድ ላይ ሳይጫወት ጥር ደረሰ።

ጥር ላይ ወንዝ ዳር ካለችው ከሽንፋ ከተማ ልጆች ጋር ግጥሚያ ተያዘ። አባታችን ዕቃ ሊያደርስ ሲሄድ በትራክተሩ ተሳቢ ጫነንና ወንዙ ዳር አውርዶን አለፈ። የሽንፋ ልጆች የሚጫወቱት ወንዙ ሲጎድል በሚተወው ሰፊ አሸዋ ላይ ነው። ከሩቅ ሲያዩን «የመጋዘን አይጦች መጡ!» ብለው ተቀበሉን።

ጨዋታው ሲጀመር ያልጠረጠርነው ጉድ ወጣ። ልጆቻችን እንደ ልማዳቸው ኳሷን ወደ ጎን እየመቱ ወደፊት ይሮጣሉ፤ ኳሷ ግን የሚመልሳት አጥታ ቁጥቋጦው ውስጥ ትገባለች። ተከላካዩን አልፈው ዞር ሲሉ ግድግዳ የለም።

«ማንን ነው የምታቀብሉት?» እያሉ ሽንፋዎች በሳቅ ይንፈራፈሩ ነበር። «የወንዙን ጂን አሰልፋችሁታል እንዴ?»

ሦስት ለባዶ ተመርተን ሳለ ከእኛ አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ወለም አለውና ወጣ። ሌላ ተቀያሪ አልነበረንም። ጋሻው ከውሃው ጀሪካን አጠገብ ወደተቀመጥሁት ወደ እኔ መጥቶ፣ የእማዬን ዓይን በሚመስል ዓይን አየኝ።

«መስመሩ ላይ ቁም» አለኝ። «በሩ ላይ እንደምትቆመው። እንዳትሮጥ!»

ቆምሁ። ጋሻው ኳሷን ወደ እኔ መትቶ ሮጠ፤ መለስኋት፤ አገባት። ወንድሜ ለእኔ አቀበለኝ ብዬ አልኮራም፤ እሱ ያቀበለው ለግድግዳው ነው፣ እኔ ግድግዳው ሊኖርበት ይገባ የነበረው ቦታ ላይ ተገኘሁ እንጂ። ቀሪዎቹም ነቁና ሁሉም ወደ እኔ ይመቱ ጀመር፤ ሁለተኛውም ገባ።

«ያን ቀጭኑን ያዙት!» ሲል የሽንፋዎቹ አውራ ጮኸ። «ሁሉም ከሱ ነው የሚመለስ!» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መያዝ ያለብኝ ሰው ሆንሁ። አንድ ደልዳላ ልጅ መጥቶ ፊቴ ተገተረ።

የመጨረሻዋ ኳስ ስትመጣ አሸዋው ያዛትና ከእኔም ከእሱም መሀል ቆመች። ግድግዳ ቢሆን ዝም ብሎ ይቆማል። እኔ ሮጥሁ። ቀድሜው ደረስሁና፣ ጋሻው በሁለት ሰው ተይዞ ስላየሁ፣ ማንም ልብ ላላለው ለሐሰን፣ የኳሷ ባለቤት ለሆነው ለባለ ሱቁ ልጅ ሰጠሁት። ሐሰን አገባት። ሦስት ለሦስት።

ሁሉም ሐሰን ላይ ሲከመሩ ጋሻው ብቻ ወደ እኔ እየሮጠ መጣ። ያቅፈኛል ብዬ ስጠብቅ መዳፉን ግንባሬ ላይ አሳረፈ።

«ሮጥህ እንዴ?» አለኝ እያለከለከ። «ይበርድሃል? እውነቱን ንገረኝ፣ ይበርድሃል?»

«አይበርደኝም።»

«ለእማዬ ትናገርና!»

ማታ ቤት ስንደርስ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ሮጠ?» አለችው።

«ቆሞ ነው የዋለ። ሐሰንን ጠይቂ።»

እማዬ ጋሻው የነካውን ቦታ በመዳፏ ነካች፤ ከዚያም ዓይኗን ወደ እግሬ አወረደች። «አሸዋውስ? ቆሞ ነው እስከ ጉልበቱ የወጣው?» ብላ፣ መልስ ሳትጠብቅ የእግር ውሃ ልታመጣ ሄደች። ኳሷን አልሰነጠቀቻትም። እኔም በዚያ ሰሞን አልታመምሁም።

ዘንድሮ ገንዳ ውሃ ስሄድ ጋሻው የልጁን ልምምድ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ልጆቹ አንድ ዓይነት ማልያ ለብሰዋል፣ ጫማ አላቸው፣ ፊሽካ ያንጠለጠለ ወጣት አሰልጣኝም አለ። «የድሮው ይሻል ነበር» የሚል ሰው አያሳምነኝም፤ የድሮው ሲሚንቶ የጎዳውን ጉልበቴን እስካሁን ያመኛል። እኛ ክረምት ሙሉ ከብሎኬት ጋር ተላትመን የተማርነውን፣ ይህ ወጣት አሰልጣኝ ቢጫ የፕላስቲክ ኮኖቹን ደርድሮ በአንድ ጠዋት ያስተምራል፤ ያውም ከግድግዳ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር።

በመሀሉ የጋሻው ልጅ ትንፋሽ አጠረውና እጁን ጉልበቱ ላይ ደግፎ ቆመ። አሰልጣኙ አጨብጭቦ ሌላ ሊያስገባ ሲል፣ ጋሻው ሳላየው ከአጠገቤ ተነሥቶ ሜዳው መሀል ደርሶ ነበር፤ መዳፉ በልጁ ግንባር ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለው አሰልጣኙ በትሕትና፣ «ወላጅ ከመስመሩ ውጪ ነው የሚሆነው።»

ጋሻው ተመልሶ መጥቶ ተቀመጠ። «አላተኮሰውም» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

አሰልጣኙ ትክክል ነው። እኛ መስመሩን አሸዋው ላይ በተረከዛችን ስለነበር የምናሰምረው፣ ጨዋታው ሳያልቅ ይጠፋና ማን ውስጥ፣ ማን ውጪ እንደሆነ አይታወቅም ነበር። የአሁኑ በኖራ የተሰመረ ነው፤ ቀጥ ብሎ፣ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ይታያል።