ያልፈላው ቦሎቄ

መጀመሪያ ያቅለሸለሸው የስድስት ዓመት ልጄን ነው። ምሳ ከበላን ሁለት ሰዓት አልሞላም። «እማዬ፣ ሆዴን» አለችኝ። ሳልደርስላት አስመለሳት። ቀጥሎ እኔን። ቀጥሎ ባለቤቴን። እኛ ሲቆምልን የእሷ አልቆመም። ከንፈሯ ደረቀ። ዓይኗ ጎደጎደ። ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ሮጥን።

ሐኪሙ «ምን በላችሁ?» አለን።

የበላነው እኔ የሠራሁትን ነው። እህቴ ከጅዳ በላከችልኝ፣ ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ቀይ ቦሎቄ፣ የተከካ ገብስ፣ ካሮትና ድንች ከጠዋት ጀምሮ ጥጄ ነበር። አማቴ ከወለንጪቲ እርጎ ይዘውልን መጥተው ነበር። ኑሯቸው እርጎ መሸጥ ነው። ገና እንደገቡ የድስቱን ክዳን ከፈት አድርገው፣ «ቦሎቄውን አፍልተሽ የመጀመሪያውን ውሃ ደፍተሻል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ማሽን ነው፤ እሱ ያውቅበታል» ብዬ ሳቅሁባቸው። እሳቸው ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ፤ እኛ በላን። ቦሎቄው መሃሉ ጠንከር ይል ነበር። አውቄ ዝም አልኩ።

ሐኪሙንም ዋሸሁት። «አማቴ ያመጡት እርጎ ነው መሰለኝ» አልኩት። ከምሳው ጋር እርጎም ስለጠጣን ባለቤቴ አመነኝ። ሐኪሙ «ዲሃይድሬሽን ነው፤ ሰውነቷ ውሃ አጥቷል» ብሎ ለልጄ ግሉኮስ ሰቀለላት። ባለቤቴ ልብስ ሊያመጣ ቤት ሄዶ፣ እናቱ ፊት እርጎውን ደፋው።

በማግስቱ ልጄ ተሻላት። አማቴ ግን ቤት ብቻቸውን ሆነው፣ ምግብ መድፋት ነውር ነው ብለው፣ ድስቱ ውስጥ የተረፈውን በሉ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ደወለች። ወድቀዋል አለች። ሲያመጧቸው መናገር አቅቷቸዋል። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ሽንት የለም። ደማቸው ሲመረመር ክሬቲኒናቸው ከፍ ብሏል። «ኩላሊታቸው እየተጎዳ ነው» አለ ሐኪሙ። «እሳቸውም እርጎውን ጠጡ?»

እርጎው ከተደፋ ቀን አልፎታል። ያኔ እውነቱን ተናገርኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ በውስጡ ሌክቲን የሚባል መርዝ ይቀራል። ለብ ባለ ሙቀት ብዙ ሰዓት መቆየቱ አያጠፋውም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትናንት ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ድስቱን ድፉ እላችሁ ነበር» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አማቴ በሦስተኛው ቀን ሽንታቸው መጣ፤ እኔም ኦአርኤስ በማንኪያ እየሰጠሁ፣ ትራሳቸውን እያስተካከልኩ፣ ይቅርታ የምልበትን አፍ ስፈልግ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በማግስቱ እንዲህ አሉኝ፦ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔስ ሰማሁሽ። በእኔ እርጎ ልጅ ታመመ ሲባል ወለንጪቲ ሁሉ ሰምቷል። ለእነሱም ንገሪያቸው።»

ድነው ሲወጡ አብሬያቸው ወለንጪቲ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለነበሩት ደንበኞቻቸው፣ ያሳመመው የእኔ ድስት እንደሆነ፣ እርጎው ንጹሕ እንደነበረ፣ የዋሸሁትም ስላፈርኩ እንደሆነ ነገርኳቸው። አንዲት ሴትዮ «አይ የዛሬ ልጅ!» ብላ ከንፈሯን መጠጠችብኝ። ይገባኛል።

ልጄንና አማቴን ላተረፉልኝ ሐኪምና ነርሶች እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ ድስት ያላችሁ፣ ቦሎቄውን አሳድራችሁ ዘፍዝፉ፤ ውሃውን ድፉ፤ በሌላ ውሃ እሳት ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ፤ ከዚያ በኋላ ገብሱም አትክልቱም ከእሱ ጋር ቀስ ብሎ ይብሰል። ሐኪም ምን በላችሁ ሲላችሁ ደግሞ የገዛ እጃችሁ የሠራውንም ተናገሩ። እኔ የተናገርኩት አንድ ቀን ዘግይቼ ነው፤ በዚያች አንድ ቀን የታመሙት አማቴ ናቸው።