ለንስሐ አባቴ ያነበብኩት የፈረንጅ ተረት

መስከረም ሲጠባ ሣጥኔን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ከፈትኩት። የሻገተ ወረቀት ሽታ ፊቴን መታኝና እዚያው ቁጭ አልኩ። ስድስቱም መጻሕፍት አሉ። የአንደኛውን ጀርባ አይጥ በልቶታል።

ስማኝማ። በላሊበላ መምህር ሳይኖረው እንግሊዝኛ ያወቀ ሰው ብትፈልግ ከእኔ ሌላ አታገኝም። ፊደሉን ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ አነጋገሩን ከቱሪስት፣ የቀረውን ከመድኃኒት ወረቀት ላይ ለቀምኩት። ዛሬም ዲግሪ የያዙት ከባድ ቃል ሲገጥማቸው ወደ እኔ ነው የሚመጡት። መጻሕፍቱን ባገኘሁ ጊዜ በአንድ ሆቴል የዕቃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። አንዲት እንግዳ ሻንጣዋ ሲከብዳት እነዚህን መጻሕፍት ትታልኝ ሄደች። "በዓለም ያለ ልጅ ሁሉ አንብቦታል" አለችኝ። የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው የልጆች ተረት ላነብ? ናቅኩት። አንድ ቀን እስቲ ብዬ ገለጥኩትና ምሳዬን ረሳሁ።

ታሪኩ ወንድሟን ጭጋግ ስለወሰደባት ልጅ ነበር። የምትናገር በቅሎ ላይ ተቀምጣ ጭጋጉ ውስጥ ገብታ ትፈልገዋለች። በረንዳ ላይ ብቻዬን ስስቅ ባለቤቴ ሰማችኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የአስማት መጽሐፍ ነዋ!" አልኳት፣ ልኮራባት ፈልጌ።

ደነገጠች። እሷ የምታውቀው የአስማት መጽሐፍ ደብተራ ደብቆ የሚይዘውን፣ ሰው የሚያሳብደውን ነው። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ በር ላይ ጠብቃ ነገረቻቸው። "አባቴ፣ ይኼ ሰው በፈረንጅ አስማት ብቻውን መሳቅ ጀምሯል።"

የንስሐ አባቴ በዕድሜ ያንሱኝ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። መጽሐፉን በመስቀላቸው ጫፍ ገለጡት። "መጀመሪያ ልስማው፤ ቀኖናህን ከዚያ እሰጥሃለሁ" አሉኝ። እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ አነበብኩላቸው፤ አንዴም ሳልደናቀፍ! በቅሎዋ መናገር ስትጀምር ባለቤቴ አማተበች። እሳቸው ግን አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

"የእኔዋ በቅሎ የምታውቀውን ብትናገር ክህነቱም አይተርፈኝ!"

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጡ ጀመር። ባለቤቴም እንዝርቷን ይዛ ቀስ በቀስ ተጠጋች። ብርሃኑ አሸተን ተራራ ላይ ሲቀላ እናቆማለን።

ሦስተኛው ቅጽ ላይ ልጅቷ "እጁን ይዤው ነበር" ትላለች። እዚያ ላይ አስቆሙኝ።

"ድገመው።"

ደገምኩላቸው። ከዚያ የራሳቸውን ታሪክ ነገሩን። በክፉው ቀን፣ በረሃቡ ዘመን፣ ልጅ ሳሉ፣ ታናሽ እህታቸውን ይዘው ከሙጃ በኩል ወደ መጠለያ ወረዱ። እህል በሚታደልበት ግፊያ መሐል እጇ አመለጣቸው። ትሙት ትዳን አልታወቀም። የአገሩን ተዝካር ሁሉ የሚባርኩት ሰው ለእህታቸው ተዝካር አላወጡም። ማውጣት፣ ሞታለች ብሎ መቁረጥ ይሆንባቸዋል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ሆነ። "ታገኘዋለች?"

"ይታገሡ አባቴ፣ ገና ነው።"

እኔ ስድስተኛውን ከጨረስኩ ቆይቻለሁ፤ አውቃለሁ። ግን ቄስ አጠገቤ ተቀምጠው ከአፌ ቃል ሲጠብቁ፣ መንገደኛው በአጥሩ በኩል ቆሞ ሲሰማኝ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ካለቀ ማን ይመጣል? ስለዚህ ከራሴ ጨመርኩ። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ወንዝ አሻገርኳት፤ በሌለ ሽፍታ አስያዝኳት። አሁንም ሳስበው ድንቅ ነበር፤ ከደራሲዋ አላንስም። አንዱን ምዕራፍ ሦስት እሑድ አስኬድኩት። ስድስተኛውን "ከፍልሰታ በኋላ" አልኳቸው።

ለፍልሰታ ሱባኤ አሸተን ማርያም ወጡ። እዚያ ብርድ መታቸውና በቃሬዛ አወረዷቸው። ወሬው ሲደርሰኝ መጽሐፉን ብብቴ ውስጥ አድርጌ ሮጥኩ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ የረጠበ ጋቢ ይሸታል። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ወዴት እንደሚያይ ግን አይታወቅም። ገጹን ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም። ተውኩትና ጆሯቸው ላይ ተደፋሁ።

"አገኘችው አባቴ! አገኘችው!"

"ማን ናት? ምን አገኘች?" ተባባሉ ሰዎቹ። ደግሜ ጮህኩ። አንዲት ሴት "ይኼን ሽማግሌ አውጡት እንጂ፤ ምን ነካው?" ብላ ራሷ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ።

ይህን ለሌላ ሰው ስተርክ፣ ሰምተውኝ ፈገግ ብለው አረፉ እላለሁ። አንተን ግን አልዋሽህም። ፈገግ አላሉም።